ሕፃኑ የሚያየው ኮርኒሱን ነው

አዳማ ፍራንኮ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሴቶች ይኖራሉ። ታላቂቱ ዕድሜያቸውን ወንጂ በነርስነት የፈጁ ጡረተኛ ናቸው፤ ግቢው በሙሉ «እትዬ» ይላቸዋል። ታናሺቱ ከባለቤቷ ጋር አንድ ክፍልና ጓዳ የተከራየች፣ የግል ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ናት። መስከረም መጨረሻ ላይ የመጀመሪያ ልጇን ትጠብቃለች። ጊዜው ሰኔ ነው፤ ልጅት ስልኳን ይዛ እትዬ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች።

ልጅት፦ እትዬ፣ እስቲ ይቺን ፎቶ ይዩልኝ። ግድግዳው ፈዘዝ ያለ ግራጫ፣ መጋረጃው ነጭ፣ አልጋው ላይ ደመናና ኮከብ ተንጠልጥሏል። ይህንኑ በአሥር ሺህ ብር ላወጣው አስቤያለሁ። ጓዳችንን ባዶ አድርጌ የልጅ ክፍል ላደርገው ነው።

እትዬ፦ ጓዳሽ መስኮት አለው?

ልጅት፦ የለውም፤ በር ግን አለው።

እትዬ፦ በር መውጫ ነው እንጂ መተንፈሻ አይደለም። እዚያ የምታስቀምጪው ሽንኩርት እንኳ ሳይውል ሳያድር ይበቅልብሻል። ደግሞስ ልጁን እዚያ አስተኝተሽ አንቺ የት ልትተኚ ነው?

ልጅት፦ እዚሁ ትልቁ ክፍል። በሩን ገርበብ አደርገዋለሁ። ፎቶው ላይ ያለው ሕፃን እኮ ብቻውን ነው የሚተኛው።

እትዬ፦ ፎቶው የተነሣበት አገር ሐኪሞች የሚሉት ሌላ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ሕፃን ቢያንስ እስከ ስድስት ወሩ ወላጆቹ በሚተኙበት ክፍል፣ ነገር ግን በራሱ መኝታ ላይ ይተኛ ነው የሚለው። እነሱ በጥናት ከደረሱበት ግማሹን እኛ ድሮም እናደርገው ነበር። አራስ ቤት የእናቲቱ ክፍል ነው፤ ሕፃኑ እሷ ዘንድ የመጣ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ጓዳ አይቆለፍበትም።

ልጅት፦ ግማሹን አሉ። የቀረው ግማሽስ?

እትዬ፦ የቀረውማ አንድ አልጋ ላይ መተኛቱ ነው። ወንጂ ሳለሁ በእንቅልፍ ልቧ ልጇን የተጫነች እናት አጋጥማኛለች። ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር ለማንም አልለሳለስም። አጠገብሽ ይሁን፣ እጅሽ ይድረስበት፤ መኝታው ግን የራሱ ይሁን።

ልጅት፦ እሺ፣ ጓዳው ይቅር። አልጋው ከእኔ አልጋ ጎን ይሁን። ታዲያ ሳላስውበው ልቅር? እናቴ እኔን ስትወልድ አንዲት ጨርቅ እንኳ አላዘጋጀችም፤ «ሳይወለድ ማሰናዳት ደግ አይደለም» ስላሏት ፈርታ። እኔ ልጄ ማንም ያልጠበቀው ቤት ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም።

እትዬ፦ አስውቢ እንጂ፣ ማን ከለከለሽ? ለማን ዐይን እንደምታስውቢ ግን ዕወቂ። አዲስ የተወለደ ልጅ ደህና አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያለውን ብቻ ነው። ጡት ስታጠቢው ከፊቱ እስከ ፊትሽ ያለው ርቀት ያህል። ያ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ግድግዳ ለእሱ ጉም ነው።

ልጅት፦ እሱን እኔም አንብቤያለሁ። ሮበርት ፋንትዝ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እንደ ፈረንጆች በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለሕፃናት ልዩ ልዩ ሥዕል እያሳየ ዐይናቸው የቱ ላይ እንደሚቆይ ለክቶ ነበር። ከባዶ ቀለም ይልቅ ቅርጽ ያለው ነገር ላይ፣ በተለይም ፊት የሚመስል ሥዕል ላይ ቆይተው ተገኙ። ለዚህ ነው ጥቁርና ነጭ የሥዕል ካርድ ልገዛ ያሰብኩት።

እትዬ፦ ከደብተር ነጭ ወረቀት ቅደጅና በጥቁር ማርከር ክብና መስመር ሥሪበት፤ ካርዱ ያ ነው። አባትየው ይሥራው እንዲያውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለእሱ የሰጠው 3 ቀን ብቻ ነው፤ ለአንቺ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90። ሦስቱን ቀን ፊኛ ሲነፋና ሲለጥፍ እንዳያሳልፍ አሁን ሥራ ስጪው።

ልጅት፦ ይኸው፣ የእኔ ጥያቄም እዚህ ላይ ነው እትዬ። ልጁ አያየውም አሉ። እኔ ግን አየዋለሁ! ወንድ ከሆነ ክርስትናው እስኪደርስ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን፣ ጀርባዬን ትራስ ላይ አድርጌ ያንን የተላጠ ግድግዳ ሳይ ልከርም ነው። የአከራያችን አረንጓዴ ዘይት ቀለም ወገቡ ላይ እንደ ካርታ ተቆራርሷል። ሌሊት አምስት ጊዜ ተነሥቼ የማየው እሱን ነው።

እትዬ፦ እሱስ ልክ ነው። እንዲህ በይኛ! የአራስ ዐይን ሰው አይቆጥረውም እንጂ ብዙ ነገር ያያል። ጡት እያጠባች የምታለቅስ አራስ ስንቷን አይቻለሁ፤ ቤቱ ደግሞ ጨለማ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፣ «ምች እንዳይመታት»፣ «ነፋስ እንዳይገባባት» እየተባለ። እንግዲያው ሂጂና አልጋሽ ላይ ተኚ። ልክ እንደ አራስ ደገፍ በይ። ፊት ለፊትሽ የሚመጣውን ግድግዳ አስውቢ። የቀሩትን ሦስቱን ተዪያቸው፤ ወጪሽም በአንድ ግድግዳ ያበቃል።

ልጅት፦ አንዱን ግድግዳ ብቻ መቀባት… ያምርብኝ ይሆን?

እትዬ፦ በኖራ ከሆነ አራቱንም ብትቀቢ አይጎዳሽም። ኖራ ቤት ያበራል፣ ርካሽ ነው፣ ጨው ጣል ሲደረግበት በልብስ ላይ እንደ ልብ አይራገፍም። ሲበጠበጥ ግን አንቺ አትጠጊ፤ ዐይን ያቃጥላል። ቀለም ካልሽም በውኃ የሚበጠበጠውን ፕላስቲክ ቀለም ግዢ። አሁን ሰኔ ላይ አስቀቢ፤ ነሐሴ ላይ አይደርቅልሽም፣ መስከረም ላይ ደግሞ ሽታው ከልጁ ጋር ይገጥማል።

ልጅት፦ የተቆራረሰውን አረንጓዴስ? ባለቤቴ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አወርደዋለሁ ብሏል።

እትዬ፦ በፍጹም! ነይ ስሚኝ፤ ይኸ የማስዋብ ነገር አይደለም። የድሮ ዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ እርሳስ ስልሽ የምትጽፊበትን ሳይሆን ብረቱን ነው። ደረቁን ሲፈገፈግ አቧራው ቤቱን ይሞላል። ያንን ነፍሰ ጡር ተነፈሰችው፣ በኋላ ልጁ እየዳኸ ጣቱን ላሰው፣ አእምሮው ላይ ነው የሚሄደው። በአገራችን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 የወጣው ደንብ ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በአንድ ኪሎ ደረቅ ቀለም ውስጥ 90 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ግን ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የተቀባ ግድግዳ ደንብ አያውቅም። ባልሽ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ግድግዳውን በውኃ እያራሰ የተነሣውን ብቻ ያንሣ፤ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ይወልውል፤ ከዚያ በላዩ ይቀባ። አንቺ የዚያን ቀን እኔ ቤት ዋይ።

ልጅት፦ እሺ ቀለሙ ገባኝ። ፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ምን ልስቀል? አከራያችን ምስማር እንድንመታ አይፈቅዱም።

እትዬ፦ ሁለት ምስማር አስፈቅጂ። አንድ ቀጭን ሞራሌ በአግድም ይመታና ሌላው ሁሉ ከእሱ ላይ ይንጠለጠላል። እናትሽ የሠራችው ዳንቴል የት ገባ? ቴሌቪዥን ላይ አቧራ ከሚጠጣ እዚያ ይሰቀል። የሠርግሽ ፎቶ፣ ሥዕለ ማርያም ካለሽ እሷ። እንዲህ ያለውን ነገር ከሱቅ አትገዢም።

ልጅት፦ ለልጁስ? እሱ ምንም የለውም?

እትዬ፦ ለእሱ ኮርኒሱ አለ።

ልጅት፦ ኮርኒሱ? ኮርኒሳችን እኮ ማዳበሪያ ነው! ጆንያው ላይ ያለው ጽሑፍ ራሱ በግልባጭ ይነበባል።

እትዬ፦ ስንት ሰው የልጅ ክፍል ሲያሳምር ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ሕፃን የሚተኛው በጀርባው ነው፤ በሆዱ ወይም በጎኑ ማስተኛት ለድንገተኛ የሕፃናት ሞት ያጋልጣል። በጀርባው የተኛ ልጅ ግድግዳው ምኑ ነው? ሦስት አራት ወር ሲሞላው ዐይኑ ራቅ ያለውን ማየት ይጀምራል፤ ያኔ ቀኑን ሙሉ ሲያይ የሚውለው ኮርኒስ ነው። ስለዚህ አቡጀዲ ግዢ፤ ከማዳበሪያው ሥር ጥብቅ ተደርጎ ይወጠር። አቧራውንም ይይዝልሻል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ የሚወርደውን ሙቀትም ትንሽ ያበርደዋል። ከዚያ ከሰልባጅ ተራ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ ጨርቅ ለቅመሽ፣ በሙቅ ውኃ አጥበሽ፣ ትልልቅ ቅርጽ ቆርጠሽ አቡጀዲው ላይ ከመወጠሩ በፊት ስፊበት። ዓሣ፣ ወፍ፣ የፈለግሽውን።

ልጅት፦ የንፋስ ተርባይን።

እትዬ፦ ምን?

ልጅት፦ ከአዳማ ወጣ ሲባል ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን። የመጀመሪያዎቹ በ2012 ሲቆሙ ሃምሳ አንድ ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው ዙር ደግሞ በ2015 አንድ መቶ ሃምሳ ሦስት ሜጋ ዋት ነው፤ እንደ ፈረንጆች። ባለቤቴ መሐንዲስ ልሁን ሲል የነበረው እነሱን አይቶ ነው። ሦስት ክንፍ፣ አንድ ግንድ። ለመቁረጥም ቀላል ነው።

እትዬ፦ ጥሩ ነው እሺ፤ ከፈረንጅ ደመና ይሻላል። እዚህ አገር ነፋሱን ልጁ ከተወለደ በኋላ ራሱ ይተዋወቀዋል። ለነፋሱ ስል፣ አልጋው መስኮት ሥር አይሁን። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት የሚነፍሰው አቧራ ይዞ ነው የሚገባው። መስኮቱ ላይ ከውስጥ በኩል ስስ ሻሽ፣ ከላዩ ደግሞ መጋረጃ ስቀይ። ሻሹን በሳምንት አንዴ እጠቢው። የመጋረጃው ገመድም ከአልጋው ይራቅ።

ልጅት፦ አልጋውን ራሱን ግን አላነሣንም። ሱቅ ያየሁት ከበጀቴ ግማሽ በላይ ይወስዳል። ከዱባይ የመጣ ያገለገለም አግኝቻለሁ፤ አንዱ ጎኑ ወደ ታች የሚወርድ።

እትዬ፦ የሚወርደውን ተዪው። አሜሪካኖቹ እንዲህ ያለውን አልጋ እንደ ፈረንጆች ከ2011 ጀምሮ እንዳይሸጥ ከልክለዋል፤ ጎኑ እየተላቀቀ ሕፃናት እየተያዙበት። ብየዳ ቤት ሂጂ። የብረት አልጋ በቀላሉ ይሠሩልሻል። ግን ትእዛዝሽን በወረቀት ጽፈሽ ስጪ። በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር አይበልጥ፤ ከበለጠ የልጁ ሰውነት ሾልኮ ጭንቅላቱ ይቀራል። ጫፉ ሁሉ የተሞረደ፣ ማዕዘኑ ላይ ልብስ የሚይዝ ጉጥ የሌለው። «እናሳምረው» ብለው አበባና ልብ ሊበይዱበት ይመጣሉ፤ እሱን እንቢ በያቸው። ፍራሹ ጠንከር ያለ ስፖንጅ፣ ከአልጋው ልክ ጋር እኩል፤ በጎኑ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ፍራሹ ልኩ አይደለም።

ልጅት፦ በዙሪያው የሚታሰረው ለስላሳ መከላከያስ? ፎቶው ላይ አለ። ትራሱም፣ ድቡም።

እትዬ፦ ፎቶ ላይ ያለው ለፎቶ ነው። ያንን ዙሪያውን የሚታሰር ነገር አሜሪካ ውስጥ በ2022 በሕግ ከገበያ አስወጥተውታል። ልጁ አፍንጫውን ቀብሮበት ይታፈናል። አልጋው ላይ ፍራሽና የተወጠረ አንሶላ ብቻ። ሲበርደው ልብስ ጨምሪለት እንጂ ጋቢ አታልብሺው።

ልጅት፦ አክስቴ ደግሞ ራስጌው ላይ ቢላዋ ይደረግ ትላለች፤ ለክፉ መንፈስ።

እትዬ፦ ከአክስትሽ ጋር አትጣዪ። ብረት ካስፈለገ አልጋው ራሱ ብረት አይደል? ይህንኑ ንገሪያት፤ የምትለው ታጣለች። ቢላዋው ግን ማድ ቤት ይቀመጥ።

ልጅት፦ ብየዳው ከተወደደብኝስ?

እትዬ፦ ካርቶን። አትሳቂ። ፊንላንድ እንደ ፈረንጆች ከ1938 ጀምሮ ለደሃ እናቶች የልጅ ልብስ በካርቶን ትሰጥ ነበር፤ በ1949 ለሁሉም እናት ሆነ። ሥሩ ላይ ትንሽ ፍራሽ አለው፤ ብዙ የፊንላንድ ሕፃን የመጀመሪያ አልጋው ያ ካርቶን ነበር። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ጠንካራ፣ ንጹሕ ካርቶን ከታችኛው ክፍሉ በደንብ ከተጠናከረ ይበቃል። እዚህ ግን አጎበር የሚወጠርበት ነገር ስለሚያስፈልግሽ እኔ ብረቱን እመርጣለሁ።

ልጅት፦ አጎበር ቤት ውስጥ አለን፤ ጤና ጣቢያ የሰጡን። ሰማያዊ ነው። የእኔ ቀለም ግን ነጭ ነበር።

እትዬ፦ ሰማያዊው ይሁን! ልጅሽ የሚወለደው መቼ ነው? መስከረም። ወባ በዚህ አካባቢ የሚበረታው ከክረምቱ ቀጥሎ እስከ ታኅሣሥ ነው። ልጁ ዓለምን የሚቀበለው በወባ ወቅት ነው። እንደ ፈረንጆች በ2024 እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው መታመሙ ተመዝግቧል፤ ወደ ግማሽ የሚጠጋው በኦሮሚያ። ወንጂ ላይ ሸንኮራው በመስኖ ስለሚጠጣ ትንኝ የለመድነው ነበር። አሁን ደግሞ የከተማ ትንኝ መጥታለች፤ እንደ ፈረንጆች በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው፣ በኋላም አዋሽ ሰባት ድረስ የታየችው። ያቺኛዋ ረግረግ አትፈልግም፤ በርሜልና ሮቶ ውስጥ ነው የምትፈለፈለው። ከኩሽናው አጠገብ ያለው በርሜልሽ ክዳን አለው?

ልጅት፦ አንዳንዴ።

እትዬ፦ አንዳንዴ አይበቃም። ለበርሜሉ ክዳን ማሠራት ለልጁ ክፍል ማስዋቢያ ብለሽ ከምትገዢው ሁሉ ይበልጣል። አጎበሩን ከመስቀልሽ በፊት አንድ ቀን ጥላ ውስጥ አናፍሺው፤ ፀሐይ ላይ አታስጪው። የመንገድ ዳር ጃንጥላ አጎበርም አለ፤ የሕፃን ተብሎ የሚሸጠው። መድኃኒት የሌለው ስለሚበዛ ቀን ለማሸለብ ይሁን፤ ሌሊት በመድኃኒት የተነከረው። ጠርዙ ከፍራሹ ሥር ይግባ፤ በልጁ ፊት ላይ እንዳይወርድ ወጠር ይበል። ሰማያዊ ከሆነም ከሥሩ ለተኛው ሰማይ ነው።

ልጅት፦ ኮርኒሱ ላይ ያሉት ተርባይኖች ታዲያ በአጎበር ውስጥ ይታያሉ?

እትዬ፦ ቅርጹ ትልቅ ከሆነ ይታያል። ለዚህ ነው ትልልቅ አድርጊ ያልኩሽ።

ልጅት፦ ሌላም አለ፤ ጥግ ላይ ትልቅ ድብና የመጫወቻ ቅርጫት ልናስቀምጥ ነበር። ቢሮዬ ውስጥ ደግሞ ቤቢ ሻወር ሊያደርጉልኝ አስበዋል፤ ፊኛ፣ የኋላ መጋረጃ፣ ባለ ፎቶ ኬክ።

እትዬ፦ ሸነን መቼ ይሁን ብለሽ ነው? በአምስተኛው ቀን ይህ ግቢ በሙሉ ገንፎ ሊበላ ይመጣብሻል። በእኛ በኦሮሞዎች ወግ በሸነን ሴቶች ተሰብስበው ማርቃ ይበላሉ፤ አራስ ደግሞ ሲንቄ በትሯን ይዛ ትወጣለች። አማራዋም ብትሆን የአራስ ጠያቂ አይቀርላትም። እነዚያ ሴቶች የት ይቀመጣሉ? ድቡ ጭን ላይ? ለአራስ ቤት ትልቁ ጌጥ ባዶ ወለል ነው። ምንጣፍ፣ ከጎረቤት የተዋሰሽው በርጩማ፣ አለቀ። ለቢሮ ጓደኞችሽም ግልጹን ንገሪያቸው፤ የኬኩን ገንዘብ ለፍራሹ ያድርጉት። የሚያፍር ሰው የለም፤ ዳይፐር ይዛችሁ ኑ ሲባል ሰው እንዲያውም ይደሰታል፤ ምን ልውሰድ ከሚል ጭንቀት ይገላገላል።

ልጅት፦ እነሱ እንኳ ይሰሙኛል። እኔ የምፈራው የሚመጡት ሴቶች ቡና ሲያፈሉ ነው።

እትዬ፦ ጎበዝ! ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላና ስኒው ይግባ። ከሰል ያለው ምድጃ ወደ አራስ ቤት አይገባም፤ ዕጣኑም። ከሰል ጢስ የለውም ይላሉ፤ ሽታ የሌለው ጋዝ ነው የሚገድለው። በር ዘግተው በከሰል ያደሩ ሰዎች ሳይነቁ የቀሩበትን ሁላችንም ሰምተናል። በዚህ ጉዳይ ባልሽ ዘበኛ ይሁን፤ አራስ እንግዳ ማስቆጣት አትችልም፣ እሱ ይችላል።

ልጅት፦ እሺ እትዬ፣ ሁሉንም ሰማሁ። አሁን እኔ አንድ ነገር ልለምን፤ አይቆጡኝ። ያቺን የምትንጠለጠል ደመና በጣም ወድጃታለሁ። አያስፈልግም ቢሉኝም እሠራታለሁ።

እትዬ፦ ማን አያስፈልግም አለሽ? ሥሪያት። ጥጥ አለሽ፣ ክር አለሽ። ከአልጋው በላይ ሳይሆን ወደ ግርጌው ፈንጠር ብላ ትሰቀል፤ ክሩ አጭር ይሁን፤ ቁጭ ማለት ሲጀምር ወይም እጁን ዘርግቶ መያዝ ሲሞክር ትነሣለች። አንቺ እስከዚያ ትጠግቢያታለሽ።

ልጅት፦ አይመስለኝም።

እትዬ፦ ከዚያ ራስሽ ፊት ለፊት፣ ዳንቴሉ ጎን ስቀያት። እዚያ አይደርስባትም።

ልጅት፦ እንግዲህ አንድ ግድግዳ ኖራ፣ አቡጀዲ፣ የሰልባጅ ጨርቅ፣ ሞራሌና ሁለት ምስማር፣ አልጋና ፍራሽ፣ የበርሜል ክዳን። ከአሥር ሺው ላይ የሚተርፍ ይኖር ይሆን?

እትዬ፦ አልጋው ነው የሚወስነው። ከተረፈ ለነፋስ ማራገቢያ አስቀምጪው፤ መጋቢት ሲገባ ልጁ ስድስት ወሩ ይሆናል፣ ይኸ ቆርቆሮ ደግሞ ያኔ ነው ምድጃ የሚሆነው። ፊቱ ላይ እንዳይነፍስበት ብቻ። አሁን ተነሺ፤ ብየዳ ቤቱ ቅዳሜ ከሰዓት አይሠራም።

ልጅት፦ እርስዎም ይምጡ። ብቻዬን ካዩኝ ዋጋውን ይሰቅሉብኛል፤ ስድስት ሴንቲ ስላቸውም «ምንም አይል» ነው የሚሉኝ።

እትዬ፦ ጫማዬን ላድርግ። ሜትር አላችሁ?

ልጅት፦ ባለቤቴ አለው።

እትዬ፦ አምጪው። እነሱ የሚለኩት በስንዝር ነው።